የማዳቭ ጉንጉን

ፒክአፑ ከደምበል ተነሥቶ ወደ ጅግጅጋ ሲያቀና ፀሐይ ገና ከግራሩ ጫፍ አላለፈችም ነበር። ደስታነሽ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ዘንቢል እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። መኪናው ኮረኮንቹ ላይ በነጠረ ቁጥር ጉልበቷን ገጠም፣ ክንዷን ጠበቅ ታደርጋለች፤ የራሷ ጭንቅላት ከጣሪያው ቢላተም ግድ አልነበራትም።

«ኧረ ቀስ በልልኝ ማሃድ! እምቡጡ ከተጨፈለቀ እኮ ይጠቁራል።»

«እትዬ ደስታነሽ፣» አለ ማሃድ ማርሹን እየቀነሰ፣ «ከቶጎጫሌ መስታወት ጭኜ ስመጣ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ ነድቼ አላውቅም። በዚህ አያያዝ ጅግጅጋ የምንገባው ለማፍጠሪያ ነው።»

ማሃድ የጎረቤቷ የሳጋል ወንድም ነው። ረመዳን ሃያ አራተኛ ቀኑን ይዞ ስለነበር ከንፈሩ ደርቋል፤ ለኮሮና የታዘዘውን ማስክ አገጩ ላይ አንጠልጥሎታል። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሚያዝያ ሃያ ስምንት ቀን 2013 ነው። ፋሲካ ካለፈ አራት ቀኑ፤ ደስታነሽ የለበሰችው ቀሚስም ለበዓሉ ያወጣችው ነበር።

«ለመሆኑ ይሄ ሁሉ አበባ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው?»

«ለሁለት ነው። ለሙሽራውና ለሙሽሪት። አንገት ለአንገት ያጠላልቃሉ፤ በነሱ ዘንድ ጋብቻው ያ ነው፣ እንደኛ ቀለበት ማለት።»

«ሙሽሮቹ ህንድ ናቸው አላልሽኝም? አበባው ጅግጅጋ ምን ያደርግላቸዋል?»

ደስታነሽ ፈገግ አለች። እሷም ሱሺላን የጠየቀቻት ይህንኑ ነበር።

ሱሺላ የዶክተር ቬንካት ባለቤት ናት። ዶክተሩ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ሊያስተምር ከሃይደራባድ ሲመጣ አብራው የመጣች፣ ሁለት ዓመት ተኩል ደስታነሽ በቤቷ የሠራችላት፣ አማርኛንም ከደስታነሽ አፍ የለቀመች ሴት። ወገኖቿ አበባ ጎንጓኞች ናቸው። አያቷም እናቷም በአንድ ቤተ መቅደስ ደጅ ተቀምጠው ለአማልክቱ፣ ለሙሽሮችና ለሙታን ጉንጉን ሲሠሩ ኖረዋል። በወገኗ ልማድ የበኩር ልጅ የሠርግ ጉንጉን ከእናቱ እጅ ይወጣል እንጂ ከገበያ አይገዛም። አንድ ልጇ ማዳቭ ነገ ዓርብ ሊያገባ ነው። በሽታው ህንድን ሲያጥለቀልቃት የአውሮፕላኑ መንገድ ተዘጋ፤ ሱሺላም ከጅግጅጋ ሳትነቃነቅ ቀረች። አሥር ቀን አለቀሰችና በዐሥራ አንደኛው ቀን እንባዋን ጠርጋ፣ «እዚሁ እሠራዋለሁ፤» አለች። «እነሱ እዚያ ሲያጠላልቁ እኔ እዚህ በልኩ የሠራሁትን ከአምላኬ ፊት አኖራለሁ። እጄ ካልደረሰ ምርቃቴ ይድረስ።»

ችግሩ አበባው ነበር። በጅግጅጋ ነፋስ የሚጸና አበባ ጥቂት ነው። ጽጌረዳ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ተለመነ፣ በሶብላ ከጓሮ ተቆረጠ፤ የጉንጉኑ ነፍስ ግን ጠምበለል ነው፤ ያ ነጩ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራው። ጠምበለል ደምበል፣ ሐጂ ኢሴ በሚባሉ ሰው የውሃ ጉድጓድ ዳር እንዳለ የነገራት ማሃድ ነው። ደስታነሽ ከትናንት በስቲያ ሄዳ ለመነች። ሐጂ ኢሴ፣ «ለሠርግ ከሆነ ምን ትለምኛለሽ? ግቢና ልቀሚ፤» አሏት። ዛሬ ንጋት ላይ ሚስታቸው ባቱሎ አብራት ለቀመች። ባቱሎ አንድ እፍኝ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ደስታነሽ እጇን ያዘቻት።

«አይሸተትም ባቱሎ። ለአምላካቸው የሚቀርብ ነው። እሱ ሳይሸተው ሰው አይሸተውም ይላሉ እትዬ ሱሺላ።»

«ታዲያ ትንፋሼን የት ላድርገው?» ብላ ሳቀች ባቱሎ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ጎን እያዞሩ ለቀሙ።

ደስታነሽ ይህን ለማሃድ እየነገረችው ሳለ መኪናው ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጣ። ስልኳ ያመለጧትን ጥሪዎች ተራ በተራ ይቆጥር ጀመር። ዶክተር። ዶክተር። ዶክተር። ወዲያው ደግሞ ጮኸ።

«ደስታነሽ፣» አለ ዶክተር ቬንካት። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ማዳቭ ሞተ።»

እንደዚያ ነው ያላት። ለሰው ሞት የሚለሰልሱትን የአማርኛ ቃላት ማንም አላስተማረውም ነበር።

«ምን?»

«ታሞ ነበር። አሥር ቀን። በሽታው ነው። ወንድሜ ለኔ ብቻ ይነግረኛል። ይድናል ብዬ ለሷ አልነገርኩም። ዛሬ ሌሊት ሞተ። እዚያ ሰው ብዙ ነው፣ ወረፋ ነው። ንጋት ላይ አቃጠሉት። አበባ አልነበረም አለኝ ወንድሜ። ገበያው ዝግ ነው።»

ደስታነሽ ዘንቢሉን አጥብቃ ያዘች።

«እትዬ ሱሺላ… እሳቸው ያውቃሉ?»

«አታውቅም። ሲም ካርዷን ወስጃለሁ፤ ላድስልሽ ብዬ። ስሚኝ። ቢሮ ለአቶ የጌታሁን ነገርኩት። በናንተ ባህል ለብቻ አይነገርም አለኝ፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መጥቶ ነው አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዙ ሆነን እንመጣለን። ደስታነሽ፣ እስከዚያ ድረስ አትንገሪያት። ሥሩ። አብራችሁ ሥሩ። እሺ?»

«እሺ፣» አለች። ምን ልትል ኖሯል?

ማሃድ መኪናውን ዳር አስይዞ አቁሞ ነበር። ስትነግረው መጀመሪያ መሪውን ለቀቀ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣» አለ። ከዚያ ዘንቢሉን አየ። «ሠርጉ እኮ ነገ ነው አልሽ።»

«ነገ ነው።»

«አሁን ገብተሽ ትነግሪያታለሽ?»

«አትንገሪ ተባልኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

ማሃድ ራሱን ነቀነቀ። «በኛ ዘንድ ሞት አያድርም። ጠዋት የሞተ ሰው ለዙሁር ሶላት ይቀበራል። እናትን የሚሸሽጓት ነገር የለም።» ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ በኋላ እስከ ጅግጅጋ፣ ቀስ በል ሳይባል፣ በቀስታ ነዳ።

ደስታነሽ መስኮቱን እያየች ሄደች። እያየች የነበረችው ግን መንገዱን አልነበረም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን 2010፣ ጅግጅጋ የታመሰች ዕለት፣ ባሏ ሽመክት የብየዳ ሱቁን ልዝጋ ብሎ ወጣ። እሷን ሳጋል ቤቷ አስገብታ፣ በሩ ላይ ራሷ ቆማ አተረፈቻት። ማታውን፣ «ሽመክት ተመቷል፤ ሆስፒታል ነው፤ ለጊዜው ሰው አያስገቡም» ተባለች። አመነች። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ቋጠረች። ሥጋውን አድቅቃ ከተፈች፣ መረቁን አቀጠነች፣ ለቁስለኛ ይከብዳል ብላ በርበሬውን ቀነሰች። ሳጋል ሳህኑን ተቀብላት ትወጣለች፤ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። «በላ?» ስትላት፣ «በላ፤» ትላታለች። በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሽመክት ለካ የሞተው የመጀመሪያው ቀን ነበር። ምግቡን ሳጋል ቤተ ክርስቲያን ለተጠለሉ ሰዎች ስታከፋፍለው ኖራለች። ያስቡላት እንደነበር ደስታነሽ ታውቃለች። ሳጋልንም ከነፍሷ ትወዳታለች። ግን ያን መረቅ ማቅጠኗን፣ ያን በርበሬ መቀነሷን፣ «በላ» ሲሏት ደስ ማለቷን እስከ ዛሬ ስታስበው ፊቷ በኀፍረት ይነዳል። አንድ ከተማ ሙሉ ያውቅ ነበር፤ የማታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ያኔ፣ እኔ በሰው ላይ ይህን አላደርግም ብላ ምላ ነበር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት የእነ ሱሺላ ግቢ በር ላይ ወረደች።

ሱሺላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ትጠብቃታለች። ታጥባ፣ ፀጉሯን ለቅቃ፣ ቢጫ ሳሪዋን ለብሳለች፤ ነፋሱን ፈርታ የዶክተሩን ሹራብ ከላይ ደርባበታለች። ከፊቷ በውሃ የተነከረ የሙዝ ግንድ ቃጫ፣ በአንድ ሳህን ጽጌረዳ፣ በሌላው በሶብላ ተደርድሯል።

«ደስታ! መጣሽ! አሳዪኝ፣ አሳዪኝ!»

ጆንያው ሲገለጥ ሱሺላ ፊቷን በፍጥነት ወደ ጎን አዞረች፤ ትንፋሿ እንዳያርፍበት። ዐይኗ ግን ከአበባው አልተነቀለም። «እዪው! አልፈነዳም። ልክ ነው የለቀምሽው። ነገ ልጄ ሲያጠልቅ ይፈነዳል።» ቀና ብላ አየቻት። «ዐይንሽ ቀልቷል።»

«አቧራው ነው እትዬ። መንገዱ።»

«ታጠቢና ነይ። እጅሽንም ፊትሽንም።»

ደስታነሽ ቧንቧው ጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ተመልሳ ከሱሺላ ትይዩ ተቀመጠች።

የጀመሩት ከማዳቭ ጉንጉን ነው። ሥራው መርፌ የለውም። ሱሺላ የቃጫውን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ትይዛለች። አራት እምቡጥ ታነሣለች፤ ሁለቱን አንገታቸውን ወደ ግራ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ አድርጋ ታጋድማለች። ቃጫውን በላያቸው ዞር፣ በሥራቸው ሾልኮ፣ እስር። ከፍጥነታቸው የተነሣ ጣቶቿ አይታዩም። ከመጠን በላይ ከጠበቀ አንገቱ ይቀነጠሳል፤ ከላላ ደግሞ ሙሽራው ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ይረግፋል። በየስንዝሩ አንድ ጽጌረዳ፣ በጽጌረዳው ግራና ቀኝ በሶብላ። በአገሯ ለዚህ የሚሆን የተቀደሰ ቅጠል አለ፤ ጅግጅጋ ስትመጣ በሶብላን አይታ፣ «የአክስቱ ልጅ ነው፣ ይሆናል፤» ብላ ወሰነች። ደስታነሽ አራት አራቱን እምቡጥ እየለየች ታቀብላለች፤ ሱሺላ ሲደክማት ደግሞ ተቀብላ ትጎነጉናለች። ይህን ያህል የታመነች ሆናለች።

«ሲም ካርዱን ዶክተር ወሰደው፣» አለች ሱሺላ እየሠራች። «ደግ አደረገ። ጠዋት ብደውል ማዳቭ አያነሣም ነበር። ሙሽራ ስልክ አያነሣም። አባቱም እንደዚያው ነበር።» ሳቀች። «ደስታ፣ ይሄ ቋጠሮሽ ላላ። ፍቺውና ድገሚው።»

ደስታነሽ ፈታችና ደገመች። እንደገና ላላ።

«ዛሬ እጅሽ የት ሄደ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«እሺ፣ አንቺ ለይ፤ እኔ እሠራለሁ።»

ሱሺላ ስለ ማዳቭ ስታወራ ዋለች። በስድስት ዓመቱ አያቱ ሱቅ ገብቶ ለቤተ መቅደሱ ዝሆን የተሠራ ጉንጉን ሲያጠልቅ እስከ እግሩ ውጦት መውደቁን። ቁመቱ በዐሥራ አምስት ዓመቱ አባቱን ማለፉን። ሙሽሪት አጭር ስለሆነች ነገ ዝቅ ሊልላት እንደሚገባና ጓደኞቹ ግን ዝቅ እንዳይል ቀና አድርገው እንደሚይዙት፣ ይህም የሠርጉ ጨዋታ እንደሆነ። ደስታነሽ አቀርቅራ እምቡጥ ትለያለች። አንዲት እንባ ብትወርድ አበባው ይረክሳል። ስለዚህ ሳታለቅስ፣ አራት፣ አራት፣ አራት እያለች ቆጠረች። ሱሺላ በሳቀች ቁጥር ግን ከውስጧ አንድ ድምፅ ይጠይቃታል። «በላ?» «በላ።»

ሰባት ሰዓት አለፈ። በጎረቤት መስጊድ የዙሁር ሶላት ተሰግዶ አበቃ። ጉንጉኑ ከሱሺላ ጉልበት ላይ ወርዶ ምንጣፉ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ደስታ፣» አለች ሱሺላ ወገቧን ለማሳረፍ ቀና ብላ፣ «እናንተ ጋ የሙሽራ እናት ምን ታደርጋለች?»

«እልል ትላለች።»

«እኔ ምላሴ እምቢ ይለኛል፤ ሞክሬ አይተሻል። አንቺ በይልኝ።»

«ነገ እላለሁ።»

«ነገ ሠርጉን በስልክ ስናይ ብዙ ሰው አለ፤ ታፍሪያለሽ። አሁን በይልኝ። ለማዳቭ።»

ፊቷ ወለል ብሎ በርቷል። ደስታነሽ አፏን ከፈተች። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። አንዴ ሞከረች፤ ሁለተኛ ሞከረች። ከዚያ በጭኗ ላይ የነበሩትን እምቡጦች አንሥታ በቀስታ ወደ ሳህኑ መለሰቻቸው።

«እትዬ፣ ቃጫውን ይልቀቁት።»

«ለምን?»

«ይልቀቁት እባክዎ። እጅዎን ይስጡኝ።» ያዘቻቸው፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበሩ። «ማዳቭ ዐርፏል።»

ሱሺላ ፈገግ አለች። «ይረፍ እንጂ! ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ነበር። ነገ ቀኑን ሙሉ መቆም አለበት።»

ደስታነሽ ሁለት ዓመት ተኩል ስንት ቃል አስተምራት ነበር፤ የገበያውን፣ የጓዳውን፣ የሰላምታውን፣ የቀልዱን። ይህን አንዱን አላስተማረቻትም።

«እንደሱ አይደለም እትዬ። ሞቷል። ማዳቭ ሞቷል። ዛሬ ሌሊት። ዶክተር ነገሩኝ።»

የሱሺላ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። የሚሄድበት እንዳጣ ሰው ፊቷ ላይ ቆሞ ቀረ። እጆቿን ከደስታነሽ እጅ ሳበች፤ ወደ ሥራዋ አጎነበሰች፤ አራት እምቡጥ አነሣች፤ ሁለት ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ። አሠረች። ደግሞ አራት አነሣች። እነዚህን ግን ማሠር አልቻለችም። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ታያቸው ጀመር።

«መቼ ሰማሽ?»

«ከደምበል ስመለስ። መንገድ ላይ።»

«ጠዋት።»

«አዎ፣ ጠዋት።»

ሱሺላ የጉንጉኑን ጫፍ ፈልጋ አነሣች። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ለካች። ደግማ ለካች። የተረፈውን በስንዝሯ ያዘች።

«ሁለት ክንድ ከስንዝር፣» አለች። «አንቺ ስታውቂ፣ እኔ ሁለት ክንድ ከስንዝር ሳቅኩ።»

«እትዬ፣ እኔ…»

«አትንኪኝ።»

ደስታነሽ የዘረጋችውን እጅ መለሰች። ከዚያ ምንም ሳትጠየቅ ተናገረች። የሽመክትን ነገር፣ ሦስቱን ምሳ፣ ባዶውን ሳህን። በዚህ ቤት አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም ነበር። «እኔ ላይ የደረሰውን አልመኝልዎትም ነበር። ግን አደረግኩት። እስከ ሰባት ሰዓት አደረግኩት፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።» ሱሺላ ትስማት አትስማት አላወቀችም። መዳፏ ላይ ያሉትን አራት እምቡጦች ማየቷን አልተወችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። ዶክተር ቬንካት ከፊት፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ያጣፉት አቶ የጌታሁን ከኋላ፣ ከዚያ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ መምህራን ገቡ፤ ህንዶች፣ አማሮች፣ ሶማሌዎች፣ ሁሉም ማስክ ያደረጉ። አቶ የጌታሁን የመሥሪያ ቤቱ ታላቅ ናቸው፤ መርዶ ማርዳት ሲባል ሁሌም እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ጉሮሯቸውን ጠርገው ቃል ሊጀምሩ ሲሉ ሱሺላን አዩ።

ዶክተሩም አየ። ወደ ደስታነሽ ዞረ።

«ነገርሻት።»

«ነገርኳቸው።»

«አንድ ነገር ብቻ ለመንኩሽ፣» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደስ ብሏት እንድትቆይ ፈለግኩ። ሌላ ምን ልሰጣት እችላለሁ? ያ ብቻ ነበረኝ።»

«ደስታነሽ፣» አሉ አቶ የጌታሁንም በቅሬታ፣ «መርዶ እኮ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብትወድቅብሽስ ኖሮ?»

ደስታነሽ አቀርቅራ ነበር። ቀና አለች።

«ለኔ ሦስት ቀን ሰጥተውኝ ነበር፣ ጋሼ። አንዷንም ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።»

በዚህ መሐል ሱሺላ እንደገና ማሠር ጀምራለች። እንግዶቹ በረንዳው ዳር ዳር፣ ደረጃው ላይ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። እሷ ማንንም አላየችም። ቃጫው ሲያልቅባት ሌላ ቀጠለች፤ እምቡጡን ራሷ ለየች፤ ጽጌረዳውን በስንዝሩ፣ በሶብላውን በግራና በቀኙ አስገባች። አንድም ቋጠሮ አልላላም። አሥር ሰዓት አለፈ። የሁለቱ ጫፎች መገናኛ ሲደርስ በጥርሷ ይዛ አጠበቀችው፤ ከሥሩም ሦስት ጽጌረዳ አንድ ላይ አንጠለጠለች። አለቀ።

ተነሣችና ወደ ሳሎን ገባች። ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የማዳቭን ፎቶ አወረደች። ወንበር ላይ አቁማ ጉንጉኑን ስታነሣ ዶክተሩ ከበሩ ላይ በራሳቸው ቋንቋ ጮኸ፣ ወዲያውም በአማርኛ፣ «አታድርጊ! ሱሺላ፣ አታድርጊው!» አለ።

«ምን ሆኑ?» አሉ አቶ የጌታሁን።

«ፎቶ ላይ አበባ የሚደረገው…» አለና ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። «የሞተ ሰው ብቻ ነው። ለሞተ ሰው ብቻ ነው።» አሥር ቀን በሆዱ ይዞት የከረመው ልቅሶ ያኔ ወጣ።

ሱሺላ አጠለቀችው። ፎቶው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ጉንጉኑ በሰው ልክ የተሠራ ነው፤ ደረት አልፎ ጉልበት ሊደርስ። ፍሬሙን ሸፈነው፣ ከወንበሩ ጠርዝ ወረደ፣ ሦስቱ ጽጌረዳዎች ወለሉ ላይ ተኙ። ከመምህራኑ አንዱ፣ መልካም ያደረገ መስሎት፣ መቀስ ከጠረጴዛ አነሣና፣ «እናሳጥረው ይሆን?» አለ።

«አይቆረጥም፣» አለች ሱሺላ። «ልጄ ረጅም ነው።»

ከዚያ ነው የጮኸችው። የጅግጅጋ ልቅሶ የሚያውቅ ጎረቤት ያን ድምፅ ሲሰማ ቋንቋውን አልጠየቀም። ሳጋል ለማፍጠሪያ ያቦካችውን ሊጥ ትታ እጇን ሳትታጠብ ሮጠች። ከላይኛው ሰፈር ነጠላ የለበሱ ሴቶች መጡ፤ ከታችኛው ሻሽ ያሰሩ መጡ። ተራርቆ ስለ መቀመጥ የታዘዘውን ያሰበ አልነበረም። ሳሎኑ ሞላ። ማዳቭን ያየው አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ግን የየራሱን ሰው እያሰበ አለቀሰለት። ደስታነሽም ለሽመክት ያልደረሰላትን የመጀመሪያ ቀን ልቅሶ ያን ዕለት፣ በሰው ቤት፣ በሰው ልጅ አለቀሰች።

ሴቶቹ ሱሺላን ከበው ሲቀመጡ ደስታነሽ ቦታዋ የቱ እንደሆነ ጠፋት። ይህን ቤት ከዛሬ ጀምሮ ልትረግጠው አይገባትም ይሆናል። ዶክተሩ አላያትም። ነጠላዋን ከማእድ ቤት አነሣች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሴቶቹ ጀርባ ወደ በሩ ልታልፍ ስትል ቀሚሷ ተያዘ።

የያዛት የሱሺላ እጅ ነበር። ፊቷን አላዞረችም። ዐይኗ ከልጇ ላይ አልተነሣም። ጣቶቿ ግን ጨርቁን ጨብጠው፣ የቃጫውን ጫፍ እንደሚይዙት አድርገው ይዘውታል።

«የት ትሄጃለሽ?» አለች። «ተቀመጪ።»

ደስታነሽ ጫማዋን አስቀምጣ ከጎኗ ተቀመጠች።